ውሃውን ተከትሎ ከጀፕ መውጣት

ጆሃንስበርግ፣ የእኛ ነጋዴዎች ሰፈር በሆነው ጀፕ ላይ ስለ ከፍታ የሚወራው የሱቅ ኪራይ ሲነሳ ብቻ ነው። ምድር ቤቱ ውድ ነው፤ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይረክሳል፤ ሊፍት የተበላሸ ዕለት ደግሞ ደንበኛው ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። ፎቁ የቆመበት መሬት ራሱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። እኔም ስንት ዓመት ኖሬበት ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ነው። ጣና ሐይቅ ደግሞ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ የሚበላውና ጀፕ ቆሞ ጅንስ የሚቆልለው ሰው በከፍታ ጎረቤታሞች ናቸው። የጎደለን ውሃው ነው።

ውሃ ማጣት ደግሞ ጆሃንስበርግ ራሷ የምትታወቅበት ነገር ነው። ከትልልቅ ከተሞች መካከል ባሕር ዳርቻ ላይም፣ ሐይቅ ላይም፣ ትልቅ ወንዝ ላይም ያልተቆረቆረች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1886 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩትም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ከተሞች እኩዮች ናቸው፤ አንዷ ሙቅ ውሃ አይታ ሠፈረች፣ ሌላዋ ወርቅ አይታ። ወርቅ ፈላጊም ግን ይጠማዋል፤ ልብሱም ይቆሽሻል።

የሰፈሮቹን ስም ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ ውሃው እዚያ ውስጥ ተደብቋል። ብራምፎንቴን፣ ዶርንፎንቴን፣ ከቦይሰንስ አለፍ ሲል ደግሞ ሌላ "ፎንቴን"። ፎንቴን ማለት በአፍሪካንስ ምንጭ ነው። ጀፕን ከላይና ከጎን የከበቡት ሰፈሮች የምንጭ ስም የያዙት ያለ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ውሃዎች አንዱ፣ የብራምፎንቴን ጅረት፣ በ1890ዎቹ "አማዋሻ" የሚባሉ የዙሉ ወንዶች መተዳደሪያ ነበር። ከናታል ገጠር መጥተው፣ ማዕድን ጉድጓድ መግባትን እምቢ ብለው፣ የከተማውን ልብስ እያጠቡ የሚያድሩ ስደተኞች ናቸው። ራሳቸው ላይ ጥምጣም ይጠመጥሙ ነበር፤ ናታል ካዩዋቸው ሕንዳውያን አጣቢዎች የወሰዱት ልማድ ነው። በዚያ አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ቁጥራቸው ከሺህ አልፏል። ከዚያ አስተዳደሩ በንጽሕና ስም ከከተማው አርቆ ወሰዳቸው፤ ደንበኛውም ራቀ፣ የእንፋሎት ላውንደሪ ከተፍ አለ፣ ሥራቸው ሟሸሸ። ይህን ሳነብ በመንገድ ዳር ነጋዴ ላይ የሚደርሰው ነገር እዚህ ከተማ ከእኛ እንዳልጀመረ ገባኝ። ዛሬ በዚያው ጅረት ዳር ሰዎች በእግርና በብስክሌት ይንሸራሸሩበታል። ከአጣቢዎቹ ቦታ ላይ የቀረ ሳሙና የለም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ሌላው ውሃ ነው። ከጀፕ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትሄዱ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ትደርሳላችሁ፤ ማንዴላ በ1995 የራግቢ ማሊያ ለብሰው ዋንጫ የሰጡበት ማለት ነው። የዩክስኬይ ወንዝ የሚነሳው በዚያ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ሥር ነው። ወደ በርትራምስ በኩል ከቱቦ ብቅ ሲል ያየ ሰው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም፤ የፌስታልና የጠርሙስ ጎርፍ ነው። ስሙን አንድ ቀን ጠይቄ ሳቅሁ። ዩክስኬይ ማለት በሬ ሲጠመድ አንገቱ ግራና ቀኝ ቀንበሩ ላይ የሚሰካው እንጨት ነው፤ እኛ ማነቆ የምንለው። አራሽ አባት ላሳደገው የጀፕ ነጋዴ ይህን ወንዝ "ማነቆ" ብሎ መጥራት ምንም አይከብደውም።

ሰሜናዊው የከተማው ወገን ላይ የዘነበ ዝናብ በዚህ ወንዝ ይወርድና ከክሮኮዳይል ወንዝ ጋር ገጥሞ በሊምፖፖ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ከኮረብታው ወዲያ፣ በደቡብ በኩል የወደቀው ጠብታ ግን በቫልና በኦሬንጅ ወንዝ አድርጎ አትላንቲክ ይደርሳል። አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ውቅያኖስ። የዚህ ኮረብታ ስም፣ ዊትዋተርስራንድ፣ ራሱ "የነጭ ውሃ ሸንተረር" ማለት ነው።

የእግር ጉዞውን ነገር ከማንሳቴ በፊት አንድ እውነት ልናገር። ለብዙዎቻችን በእግር መሄድ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ያለፈ ሰው ጫካና ሌሊት በእግሩ አውቋል። እንደዚህ ያለ ሰው "ቅዳሜ ተራራ እንውጣ" ቢባል "ምን አጥፍቼ?" ብሎ ይመልሳል። መልሱ ይገባኛል። ቢሆንም ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ፣ በዓመት አንዴ ለፋሲካ ሰብሰብ ማለት ለጉልበትም ለልብም አይበቃም። መንገዱ ደግሞ ለአቅም አቅሙ አለ።

ለጀማሪ ዙ ሌክን እመክራለሁ። ጋሪ የሚገፋ እናትም፣ ጉልበቱን የሚያመው አባትም ሐይቁን ዞሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ የዚህ ከተማ ሐይቅ ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው። ታሪኩ ግን ከሌሎቹ ይለያል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወርነር ቤይት የተባለው የማዕድን ድርጅት መሬቱን ለጆሃንስበርግ ሕዝብ በስጦታ ሲያስረክብ፣ በውሉ ላይ ለሁሉም ዘር ክፍት እንዲሆን አስፍሮ ነበር። በዚህም ምክንያት፣ በ1953 የወጣው የመዝናኛ ቦታ መለያ ሕግ አገሩን ሲቆራርጥ ዙ ሌክ ሳይዘጋ ቆየ። በምሥራቅ በኩል ያለው የቦክስበርግ ሐይቅ ዕድል ሌላ ነው። በ1988 ወግ አጥባቂው ፓርቲ ምክር ቤቱን ያዘና ሐይቁን መልሶ ለነጮች ብቻ አደረገው። ጥቁሮቹ ድንጋይ አላነሱም፤ ከነጮቹ ሱቅ መግዛት አቆሙ። ሱቆቹ ጾም አደሩ። ደንበኛ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ጀፕ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። የመለያ ሕጉ በ1990 ተሻረ።

መካከለኛው መንገድ ሜልቪል ኮፒስ ነው። ዐለት ዐለቱን እየረገጡ ወደ ሸንተረሩ መውጣት ነው፤ ላብ አለው፣ መንገዱ ራሱ ግን አደጋ የለውም። በ1963 ሬቪል ሜሰን የተባለ የአርኪዮሎጂ ሰው እዚህ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ቆፍሮ አግኝቷል። ወርቅ ከመገኘቱ ከመቶ ዓመታት በፊት በዚህ ኮረብታ ላይ ጥቁር አፍሪካውያን ብረት ያቀልጡ ነበር ማለት ነው። "ባዶ መሬት ላይ ደረስን" የሚለውን የድሮ ተረት ለመስበር እንዲህ ያለ ትንሽ የጭቃ ምድጃ በቂ ነው። ለጉብኝት በሚከፈትበት ሰዓት፣ ከቡድን ጋር ሂዱ። በዚህ ከተማ ብቻውን ኮረብታ የሚወጣ ሰው ስልኩን ይዞ አይወርድም።

ቀኑን ሙሉ መዋል የሚችል ሰው ወደ ማጋሊስበርግ ይውጣ። የዚያ ተራራ ዕድሜ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ስሙ የመጣው ሞጋሌ ከተባለው የአገሬው አለቃ ነው። ከሥሩ በ1923 የተጠናቀቀው የሃርትቢስፑርት ግድብ ሐይቅ ተኝቷል፤ ሰዉ "ሃርቲስ" ይለዋል። ከኤሊስ ፓርክ ሥር ያየነው ማነቆ ወንዝ በመንገዱ የሚያርፈው እዚህ ነው። ፌስታሉም፣ ፍሳሹም አብሮት ይመጣል። በዚህ ፍሳሽ የሰባው ሐይቅ ላይ ምን የተንሰራፋ ይመስላችኋል? እንቦጭ። ያው የጣናው እንቦጭ፣ ከደቡብ አሜሪካ የወጣው። እኛ አገር በ2011 ታየ ተብሎ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ እዚህ ደግሞ የሮድስ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ተክሉን ከትውልድ አገሩ ጀምሮ የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት አራብተው ሐይቁ ላይ ለቀዋል። አንዳንድ ዓመት ያሸንፋሉ፣ አንዳንድ ዓመት እንቦጩ ይመለሳል። ከተራራው አናት ላይ ሆኜ አረንጓዴውን ምንጣፍ ሳይ ለጥቂት ደቂቃ ጎርጎራ ያለሁ መሰለኝ። በዚያ ቀን ያደረግሁት ጫማ ከራሴ መደርደሪያ ያነሳሁት ነበር፤ ስወርድ ሶሉ ተላቀቀ። የምሸጠውን ዕቃ የፈተንኩት ያኔ ነው።

ከባዱ መንገድ ድራከንስበርግ ነው። ከጆሃንስበርግ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ፣ በሃሪስሚዝና በፑታዲትጃባ አልፎ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ መኪና ይቆማል። ከዚያ በእግር ነው፤ ደርሶ መልስ ከ12 ኪሎ ሜትር ያላነሰ። መጨረሻው ላይ ገደል ላይ የተሰቀለ የሰንሰለት መሰላል አለ። ለከምባታ ልጅ የአምበሪቾን 777 ደረጃ አስብ በሉት፤ ልዩነቱ እዚህ ደረጃው ይወዛወዛል። ከላይ ስትደርሱ የቱገላ ውሃ 948 ሜትር ቁልቁል ሲወረወር ታያላችሁ። በደረቁ ክረምት ግን ክር ያክላል፤ ለፏፏቴው የሚሄድ ሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ መጋቢት አካባቢ ይሂድ። ከአጠገቡ ያለው ሞንት ኦ ሱርስ 3,282 ሜትር ነው። በ1836 የፈረንሳይ ሚስዮናውያን የሰጡት ስም ነው፤ "የምንጮች ተራራ" ማለት ነው። ከዚህም አናት አንዱ ውሃ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ሌላው ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። የጀፕ ጣሪያ ነገር እዚህ በትልቁ ተደገመ።

ከዚህ አናት ወደ ጀፕ የሚመለሰው ግን ድካም ብቻ አይደለም። የቱገላ ውሃ በፓምፕ ተራራውን ሽቅብ አልፎ ስተርክፎንቴን በሚባለው ማጠራቀሚያ ይቆይና፣ ሲያስፈልግ ወደ ቫል ይለቀቃል። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ የሌሶቶ ተራሮች ውሃ በዋሻ ይመጣል። የካትሴ ግድብ ቁመቱ 185 ሜትር ነው፤ የኛ ተከዜ በ188 ሜትር እስኪበልጠው ድረስ የአፍሪካን ረጅም ግድብነት ይዞ ቆይቷል። ጠዋት ጀበናችን ውስጥ የምንቀዳው ውሃ ከእነዚህ ተራሮች የወረደ ነው።

አንድ ደቡብ አፍሪካዊ በተቃራኒው አቅጣጫ መጥቶ ከእኛ ዘንድ መራመድ ተምሯል። ማንዴላ በ1962 ኮልፌ የፖሊስ ካምፕ ውስጥ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሥር ሥልጠና ሲወስዱ፣ ጠብመንጃና ጥይት ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ከትምህርቱ አንዱ ነበር። በኋላ በመጽሐፋቸው ላይ የዚያን ጉዞ ድካምም፣ ያዩትን የገበሬ ኑሮም ጽፈውታል። እነሱ ከእኛ ተራራ ወስደዋል፤ እኛ ከእነሱ ተራራ ብንወስድ ነውር የለውም።

ለመሄድ የቆረጣችሁ፦ የጥገኝነት ወረቀታችሁን ዋናውን ያዙ፤ ድራከንስበርግ አናት ላይ የሌሶቶ ድንበር ቅርብ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰዓት በኋላ መብረቅ አይጠፋም፤ ከሸንተረር ላይ እስከ እኩለ ቀን ውረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዙ ሌክ ይበቃል። የምንሸጠውን ጫማ አታድርጉ።