ጥጡን ያረሰ፣ ቼኩን የተቀበለ

በአሜሪካ፣ በአርካንሶ ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ፖይንሴት የሚባል አውራጃ አለ። ይህን የጥጥ አገር የምናነሣው ለአንድ ጥያቄ ስንል ነው፦ መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ሲሰጥ «ገበሬ» የሚለው ማንን ነው? (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዋጋ መውደቅ ነው። በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ ወደ 17 ሳንቲም ያወጣ ነበር፤ በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ተኩል ወረደ። መጋዘኑ ሞላ፣ ኪሱ ግን ባዶ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በ1933 የእርሻ ማስተካከያ ሕግ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምርቱ ይቀነስ፣ ዋጋው ይነሣ፣ ጦም ላደረው መሬት መንግሥት ይክፈል። ዳሩ ግን ሕጉ ሲወጣ ጥጡ ተዘርቷል። ስለዚህ በዚያው ዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ኤክር የሚሆን ጥጥ እየታረሰ ተገለበጠ። በቅሎዎቹ ቡቃያ እንዳይረግጡ ተገርተው ያደጉ ናቸውና አንረግጥም ብለው አስቸገሩ ይባላል።

ገንዘቡስ ለማን ሄደ? በ1934 እና በ1935 ውል መሠረት ክፍያው ሁለት ዓይነት ነበር። በተለመደው ምርት እየታሰበ በፓውንድ 3 ሳንቲም ተኩል የመሬት ኪራይ፣ 1 ሳንቲም ደግሞ የዋጋ ማካካሻ። ኪራዩ በሙሉ የባለመሬቱ ነው። እኛ እኩል አራሽ የምንለው ሰው የሚደርሰው የማካካሻዋ ግማሽ ናት። እንግዲህ እናስላው፤ ከ4 ሳንቲም ተኩል ውስጥ 4ቱ ለባለመሬቱ፣ ግማሽ ሳንቲም ላረሰው! እሷም ብትሆን በባለመሬቱ እጅ አልፋ፣ ብዙ ጊዜም የሱቅ ዕዳ ተቀንሶባት ነው የምትደርሰው።

የውሉ 7ኛ አንቀጽ ባለመሬቱ የጭሰኞቹን ቁጥር «በተቻለ መጠን» እንዳይቀንስ ያዛል። ጉዱ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። ተቻለ አልተቻለም የሚለው ማን ነው? የአውራጃው ኮሚቴ። ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡትስ? በአብዛኛው ባለመሬቶቹ ራሳቸው። ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ይሏል ይህ ነው። ያው መሬቱ ሲቀነስ የሰው ጉልበትም ተረፈ፤ ብዙ ቤተሰብ ከነጓዙ መንገድ ላይ ወደቀ።

ታዲያ ዝም አላሉም። በ1934 በፖይንሴት አውራጃ፣ በታይሮንዛ ከተማ አጠገብ፣ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን መሠረቱ። ነጭና ጥቁር አብሮ በማይቀመጥበት አገር ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። መልሱም ድብደባና እስራት ሆነ። በዋሽንግተን የእርሻ ማስተካከያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ጄሮም ፍራንክና ባልደረቦቹ 7ኛው አንቀጽ ጭሰኞቹን እነዚያኑ ሰዎች ማቆየት ማለት ነው ብለው ቢተረጉሙ፣ በ1935 መጀመሪያ ላይ ከሥራ ተባረሩ።

ሕጉን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 ሻረው፤ በ1938 ሌላ ተተካ። በኋላ የጭሰኛው ድርሻ እየተሻሻለና በቀጥታ ለእሱ እየተከፈለ መጣ። ግን ባለመሬቱ አዲስ ብልሃት አገኘ፦ ጭሰኛ ከሌለ የሚካፈል የለም። ጭሰኛውን የቀን ሠራተኛ አደረገው፤ በክፍያውም ትራክተር የገዛ ብዙ ነው።

ሚዛናዊ እንሁንና፣ ሕጉ ያለመውን አግኝቷል፤ በ1934 ጥጥ ወደ 12 ሳንቲም ወጥቷል። ሁሉንም በባለመሬቱ ክፋት ብቻ ማሳበብም አይበቃም። ክፍያው ከመሬት ጋር እንጂ ከላብ ጋር አልታሰረም ነበር። መሬት የሌለው ሰው እንግዲህ በምን ይቆጠር? ስለዚህ የትኛውንም የእርሻ ድጎማ ሕግ ስናነብ ስንት ተመደበ ብለን አናቁም፤ ቼኩ በማን ስም ተጻፈ፣ አቤቱታውንስ ማን ይሰማል ብለን እንጠይቅ።