የተታለለው ዘበኛ

እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቤሲ ዳሺል የተባለች ወጣት በእጇ ላይ በበቀለ ካንሰር አረፈች። ሐኪሟ ዊልያም ኮሊ ሐዘኑን ይዞ የሆስፒታሉን አሮጌ መዛግብት ይመረምር ጀመር። በዚያም ኤሪሲፔላስ የተባለ ብርቱ የቆዳ በሽታ ከያዘው በኋላ የአንገቱ ዕጢ የጠፋለትን ሰው ታሪክ አገኘ። ኮሊም በሽታውን የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች በሕሙማኑ ዕጢ ውስጥ ይወጋ ጀመር። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ አንዳንዶቹ ግን በዚያው በተወጉት በሽታ ሞቱ። በኋላ የተገደሉ ባክቴሪያዎችን ቢጠቀምም፣ የጨረር ሕክምና እየገነነ ሲሄድ የእርሱ ዘዴ ተረሳ።

አንባቢ ሆይ፣ እንቆቅልሹ ይህ ነው፦ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ጠላትን አሳደው የሚያጠፉ ከሆነ፣ ዕጢው በመካከላቸው ሲደልብ ስለ ምን ዝም ይሉታል?

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የሕክምና ዕውቀቴም ከንባብ የተቃረመ ነው። መልሱን ሳነብ ግን የሙያዬ ነገር ታወሰኝ። እኛን አብዝቶ የሚያሰጋን በር የሚሰብረው ሌባ አይደለም፤ የደንበኛን ፊርማ አስመስሎ በመስኮቱ ፊት በትሕትና የሚቆመው ነው።

በ1992 ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ ፒዲ-1 የተሰኘውን ፕሮቲን አገኙ። ቲ-ሴል በሚባሉት ተከላካዮች ላይ የሚገኝ ልጓም መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። ፒዲ-ኤል1 የተባለ ምልክት ሲነካው ቲ-ሴሉ ይገታል፤ ይህ ባይኖር ሰውነት የገዛ አካሉን ይወጋ ነበር። ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ይህንኑ ምልክት በገላቸው ላይ ያወጣሉ፤ ሊገድላቸው የመጣው ወታደርም ክንዱን ያጥፋል።

አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በበኩሉ ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላ ልጓም በ1996 በአይጦች ላይ ቢፈታ፣ ዕጢዎቹ ጠፉ። በ2011 ከዚህ የተገኘው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለጠና የቆዳ ካንሰር ተፈቀደ፤ በ2018 ሁለቱ ሊቃውንት የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ኮሊ ግን ይህን ሳያይ በ1936 አርፎ ነበር።

ድሉ ሙሉ አይደለም። መድኃኒቱ የማይሠራላቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ልጓሙ የተፈታለት ሠራዊትም አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃበት ጊዜ አለ። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። በካንሰር የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ «ሰውነቴ ከዳኝ» ይላል። ይህ ታሪክ የሚመልስለት ግን ሌላ ነው፦ ዘበኛው አልከዳህም፤ ተታሏል እንጂ። የተታለለ ደግሞ፣ እውነቱ ሲገለጥለት፣ ወደ ዘቡ ሊመለስ ይችላል።