ሳይነቀል የቀረው ባሕር ዛፍ

ሐምሌ ሲገባ በአሰላና በጭላሎ ግርጌ የችግኝ ወሬ ይበዛል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህማ «አረንጓዴ አሻራ» የክረምት መንግሥታዊ ሥራ ሆኗል። የከተማ ዛፍ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእንጦጦ ደን ተመናምኖ ነበር። ማገዶ እየራቀ ሲሄድ ዳግማዊ ምኒልክ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ዋና ከተማዋን ከመነቀል ያተረፋት ፈጥኖ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። የአዲስ ዓለሙ ግንብም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

ዛፉን ማን አመጣው? ስዊሳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን የሚጠሩ አሉ። ሚዛን የሚደፋው ግን ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው፤ የ«ለ ታን» ጋዜጣ ወኪል፣ የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢ፣ የቤተ መንግሥት ወዳጅ።

ከዚህ ይልቅ የሚያከራክረው በ1905 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ትእዛዝ ነው። ባሕር ዛፍ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዘዘ፤ ትእዛዙ ግን አልሠመረም። ምኒልክ በጽኑ ታመው ስለነበር አስፈጻሚ ጠፋ የሚል አለ። ይበልጥ የሚያሳምነው ሌላው ነው። ከዚያ በፊት በወጣ ደንብ የከተማ ቦታ የግል ርስት ሆኖ ስለነበር ዛፉ ባለቤት ነበረው። ሰፋፊውን ቦታ የያዙት መኳንንት ናቸው፤ ከግንዱና ከማገዶው የሚጠቀሙትም እነርሱ። አዛዡና ባለዛፉ አንድ ወገን ሲሆኑ ማን ዶማ ያነሣል?

አሰላ ባለችበት በአርሲ የዛፍ ተከላው ታሪክ ዘግይቶ ይመጣል። በ1960ዎቹ መባቻ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በስንዴና በወተት ላም ይታወቅ ነበር፤ የችግኝ ሥራም ነበረው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ያኔ የባለርስቱ እንቢታ አበቃ። ዛሬ «ንቀል» ቢባል ይነቀላል፣ «ትከል» ቢባልም ይተከላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። የጥንቱን ዛፍ ያቆየው ግን ጥቅም ያለው ጠባቂ ነው። የአሰላም ሆነ የሌላው ከተማ አስተዳደር ለመንገድ ዳሩ ችግኝ እንዲህ ያለ ባለድርሻ ቢያበጅለት፣ ከተከላው ቀጥሎ ያለው ሥራ ይቀልለታል።