ዐውደ ነቀርሳ

በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ «ቱመር ማይክሮኢንቫይሮንመንት» እየተባለ የሚጠራውን ነገር፣ ይኸውም የነቀርሳን ዕባጭ ከብበው የሚገኙትን የደም ሥሮች፣ በሽታን የሚከላከሉትን ሕዋሳት፣ ሥጋን ከሥጋ አያይዘው የሚያጸኑትን ክሮች፣ ይልቁንም በነዚህ ሁሉ መካከል የሚመላለሰውን ፈሳሽና በውስጡ የሟሙትን ኬሚካሎች በአንድነት፣ በአማርኛ «ዐውደ ነቀርሳ» ብንለው ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ነቀርሳ ዛሬ ካንሰር ለምንለው ደዌ አባቶቻችን ያቆዩልን ስም ነው፤ ዐውድም ከግእዝ የወረስነው፣ ዙሪያንና አደባባይን የሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ በዐውደ ዓመትና በዐውደ ምሕረት ዘወትር እንሰማዋለን። «የዕጢ ከባቢ» የሚለውን የተውሁት፣ ዕጢ የሚለው ቃል ጤናማ የሆኑትን የሰውነት ክፍሎች ጭምር ስለሚጠራ፣ ከባቢ የሚለውም ዝም ብሎ የከበበን ነገር ስለሚመስል ነው። ዐውደ ምሕረት ሕዝብ የሚሰበሰብበትና ትምህርት የሚሰጥበት ስፍራ እንደ መሆኑ መጠን፣ ዐውድ የሚለው ቃል ሥራ የሚሠራበትን ቦታ ያሳስባል፤ በነቀርሳ ዙሪያ ያለውም ስፍራ ብዙ ሥራ የሚሠራበት ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚከፋው የነቀርሳን ሕዋስ ከበቀለበት አስነሥቶ መስደዱ ነው። በዚህ ደዌ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት የሚሞቱት፣ ከመጀመሪያው ዕባጭ ተለይተው በደምና በሊምፍ ሥር ተጉዘው በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት ወይም በአንጎል በሰፈሩ ሕዋሳት ምክንያት ስለሆነ፣ ሕዋሱ ስለ ምን እንደሚነሣ፣ ወዴትስ እንደሚሄድ መመርመር ለሐኪም ከባድ ዕዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 ስቲቨን ፓጄት የሚባል የለንደን ቀዳጅ ሐኪም፣ በጡት ነቀርሳ የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ ሲመረምር፣ ጉበት ደጋግሞ ሲጠቃ ጣፊያ ግን እምብዛም እንደማይነካ አስተዋለ፤ ስለዚህም ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው በሚስማማው መሬት ብቻ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። በጓሳ ደጋ ግርጌ ውርጩን ችሎ የሚያፈራው ገብስ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ በመርሐቤቴ ቆላ ቢዘራ ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ የመንዝ ገበሬ፣ የፓጄትን ነገር ያለ ብዙ ሐተታ ይረዳዋል። አሳቡ ለረጅም ዘመን ችላ ተብሎ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እነ አይዛያ ፊድለር በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ ዳግመኛ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ዕውቀት ግን የበለጠ የሚያስደነግጥ ነው፤ ይህ ክፉ ዘር የሚስማማውን መሬት ፈልጎ ከማግኘቱ በፊት፣ የቆመበትን መሬት ራሱ እንደሚለውጠው ታውቋል።

ለውጡ የሚጀምረው ከአየር እጦት ነው። ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ ውስጥ ሊዘልቅ የሚችለው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ወይም ሁለት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዕባጩ ከደም ሥሮቹ ቀድሞ ሲያድግ በመካከሉ ያሉት ሕዋሳት ይታፈናሉ። በዚህ ጊዜ፣ ኦክስጅን በበቂ ሲኖር ወዲያው ወዲያው ይፈርስ የነበረው «ሂፍ 1» የተባለው ፕሮቲን ሳይፈርስ ይቀርና ብዙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ ስኳር ያለ ኦክስጅን እንዲብላላ፣ ሕዋሱም ከጎረቤቶቹ ጋር የተያያዘበትን ማሠሪያ እንዲፈታ ያደርጋል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን ዐውቀው አኗኗራቸውን የሚያስማሙበትን ይህን ምሥጢር የገለጡት ግሬግ ሴሜንዛ፣ ዊልያም ኬሊንና ፒተር ራትክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ሥርዓት ከደጋ ሰው ኑሮ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው የጓሳ ከፍታ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው፤ ከቆላ ለወጣ እንግዳ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛለት የሚያደርጉትም የዚሁ የሂፍ ወገን የሆኑ ፕሮቲኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ዐማሮችን መርምረው፣ ሄሞግሎቢናቸው እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ ሳይል፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ሳይጎድል እንዳገኙት አስታወቁ። ከዚህ ተነሥቶ የደጋ አየር ነቀርሳን ያመጣል ወይም ይከላከላል ማለት አይገባም፤ በዕባጩ ውስጥ ያለው መታፈን ከደም ሥር እጥረት የሚመጣ ነውና። እኔን የሚያሳዝነኝና የሚያስደንቀኝ፣ ፈጣሪ ሰው በተራራ ላይ እንዲኖር የሰጠውን ጥበብ ነቀርሳ ሰርቆ ለጥፋት ማዋሉ ነው።

የነቀርሳ ሕዋስ ኦክስጅን ባለበትም እንኳ ስኳርን ማብላላት እንደማይተው ጀርመናዊው ሊቅ ኦቶ ቫርቡርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሳይቶ ነበር። ከማብላላቱ የሚወጣው ላክቲክ አሲድ በውስጡ ቢከማች ሕዋሱን ራሱን ስለሚጎዳው፣ አሲዱን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በዚህም የተነሣ ሲወርድ ኮምጣጣነትን የሚያመለክተው ፒኤች በጤናማ ደም 7.4 ሲሆን፣ በዕባጩ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ እስከ 6.5 ድረስ ወርዶ ይገኛል። በዚህ ኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ ጤናማው ሕዋስ ይደክማል፤ ደዌን የሚዋጉት ቲ ሴሎችም ኃይላቸው ይከዳቸዋል፤ ሥጋን አያይዘው የሚያጸኑትን ክሮች የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ግን ይነቃሉ። ለኮምጣጣው የለመደው የነቀርሳ ሕዋስ መውጫው የሚከፈትለት በዚህ መንገድ ነው።

የሚወጣበትን አቅጣጫ የሚያሳየውም ኬሚካል ነው። «ኬሞታክሲስ»፣ በአማርኛም «በኬሚካል መመራት» ልንለው የምንችለው ይህ ሥራ፣ ሕዋሱ በገጹ ላይ ባሉት ተቀባዮች አማካይነት አንድ ኬሚካል ከፊቱ ከኋላው ይልቅ መብዛቱን ለይቶ ሲያውቅ፣ አክቲን በሚባሉት ክሮቹ የፊቱን ወገን እየገፋ ወደ በዛበት መሄዱ ነው። በጡት ነቀርሳ የታየው ምሳሌ እጅግ አሳዛኝ ነው፤ ማክሮፌጅ የተባሉት የሰውነት ዘበኞች ሕዋሱን የሚጠራ ኬሚካል ያመነጫሉ፣ ሕዋሱም በፈንታው ማክሮፌጆቹን የሚጠራ ሌላ ኬሚካል ይሰድዳል፤ እንዲህ እየተጠራሩ ወደ ደም ሥር ይጓዛሉ፣ በሥሩ ግድግዳ ላይም ማክሮፌጁ ማለፊያውን ያመቻችለታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት «ሲ ኤክስ ሲ አር 4» የተባለውን ተቀባይ በብዛት እንደሚይዙ፣ ይህ ተቀባይ የሚፈልገው፣ ኬሞካይን የተባለው ሕዋስን የሚጠራ ኬሚካልም ነቀርሳው ደጋግሞ በሚሰፍርባቸው በሊምፍ እጢዎች፣ በሳንባ፣ በጉበትና በአጥንት መቅን እንደሚበዛ ተገለጠ። ፓጄት ከመዝገብ ያየው ምርጫ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በኬሚካል ስም ተጠራ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የነቀርሳ ዓይነቶች የጡት ነቀርሳ ቀዳሚ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ የሚበዙት ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከሥፍራው ከወጣ በኋላ ነው። ዕባጩ በመጀመሪያ ሕመም ስለሌለው፣ ኀፍረትም ስላለ፣ ከግሼ ራቤል ወይም ከመንዝ ጌራ ተነሥቶ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ስፍራ ሆኖ እስከ ኖረው እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መጓዝ ገንዘብና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ወራት ያልፋሉ። ጠበል መጠመቅ የእምነት ሥርዓት ነው፤ ወደ ሐኪም ቤትም በዚያው ሰሞን መሄድን አይከለክልም። በሚያልፉት ወራት ዐውደ ነቀርሳ ሥራውን ስለማያቆም፣ ሕመም የሌለው ዕባጭ በሐኪም የሚታይበት ቀን ያመመ ቀን ሳይሆን የተዳሰሰ ቀን ሊሆን ይገባዋል።

የመሐል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማው የእናት ሆስፒታል ሐኪም፣ በጡቷ ዕባጭ አገኘሁ ብላ የመጣችን እናት ሲመረምር ብብቷን ጭምር መዳሰሱ ስለዚሁ ነው፤ የጡት ሊምፍ ወደ ብብት የሚፈስ ከመሆኑም በላይ፣ ከላይ የተናገርንለት ኬሞካይን በዚያ ባሉት እጢዎች ውስጥ ስለሚበዛ፣ ከጡት የወጣ ሕዋስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚገኘው በዚያ ነው። ጠንከር ያለ ንፍፊት በብብቷ ካገኘ፣ በመርፌ ናሙና አስወስዶ ያስመረምራል፤ የሕክምናውም ቅደም ተከተል፣ ቀዶ ጥገናው አስቀድሞ ይሁን ወይስ መድኃኒቱ፣ በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል።