የ302 ቀን መንገድ

በ1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረኃብ መግባቱን የሚያስታውቀው ወሬ አገር ግዛት ሚኒስቴር ከገባ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጀ። ከደረሰም በኋላ የወጣው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በጥናታቸው የመዘገቡት ይህ ነገር የዘመኑን አስተዳደር ከብዙ ሐተታ ይልቅ ይገልጸዋል። ወረቀቱ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር ሲወጣ፣ በየደረጃው የሚቀበለው ሹም ክፉ ወሬ ለበላዩ አቅርቦ የሚያተርፈው አንዳች አልነበረም። «አገር ሰላም ነው» ማለት ግን ሹመት ያሰነብታል።

በ1965 ዓ.ም. ዝናም በቀረ ጊዜ ያው ተደገመ። ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴና አሥመራ አውራ ጎዳና ወጣ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳስረዱት፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ሲሆን የደሴ ገበያ ዋጋም ያን ያህል አልናረም። የጠፋው የገበሬው የመግዣ አቅም ነው። እንዲያውም ሰው በሚወድቅበት በዚያው መንገድ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር! ዝናሙን ሰማይ ከለከለ ቢባል፣ መኪናውን የጫነው ሰማይ አልነበረም። የሟቾቹ ቁጥር ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ለሕዝብ አሳዩ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በየካቲት የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ፤ ቀጥሎም የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍንም ሰብሳቢው ሆኑ። ከጉዳዮቹ አንዱ የወሎ ረኃብ ነበር። ማን ያውቅ ነበር? መቼ ዐወቀ? ወረቀቱስ ከማን ጠረጴዛ ላይ ቀረ? ሹም በምርመራ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ማየት ለአገሪቱ አዲስ ነገር ነበር።

ደርግ ግን ለዚህ ትዕግሥት አልነበረውም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀነባብሮ ለአገሬው ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረኃቡ የመክሰሻ ሥዕል ሆነ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ አክሊሉና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ሳይቀሩ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ተገደሉ። ውሳኔው «ፖለቲካዊ» ተባለ። ከሟቾቹ መካከል በእርግጥ የሚጠየቅ ነበረ፤ ነገር ግን ሊመልስ የሚችለውን አፍ ጥያቄው ሳያልቅ ዘጉት። ለወሎ ሙታን የተደረገ ነው የተባለው ይህ ግድያ ለወሎ ሕያዋን አንዲት መልስ አላተረፈም።

ዐሥር ዓመት አለፈ። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን እየመጣ ያለውን እልቂት ለለጋሾች አስታወቀ። ዋና ከተማይቱ ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ቅስቶች ታቆም ነበር። በዓሉ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በድምቀት ተከበረ፤ የኮረም ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን ከለንደን ለዓለም ታየ። ወሬው አሁንም በባዕድ ቴሌቪዥን ዞሮ መጣ። 302ቱ ቀናት የተቆጠሩበት የፕሮፌሰር መስፍን መጽሐፍ የታተመው በዚያው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው።