አዲ አርቃይ አድሮ ጎንደር ማረፍ

የጎንደር ታሪክ ሲነገር ነገሥታቱ የት እንደ ኖሩ እናውቃለን። የፋሲል ግንብ፣ የኢያሱ ግንብ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም እያልን ክፍል በክፍል እንቆጥራለን። ለገበያ፣ ለትምህርት ወይም ለአቤቱታ ወደ ከተማዋ የመጣው ሰው የት እንዳደረ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ከተማ ከተማ የሚሆነው ደግሞ መጤው ማደሪያ ሲያገኝበት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመንገዱ፣ ከአዲ አርቃይ እንጀምረው።

አዲ አርቃይ ከሊማሊሞ በታች፣ የስሜን ተራሮች ወደ ተከዜ ቆላ በሚወርዱበት አገር የምትገኝ ከተማ ናት። በዛሬው መንገድ ከጎንደር የሚነሳ ሰው ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማን ተሻግሮ ይደርስባታል፤ ከዚያ በማይ ፀብሪ አድርጎ፣ ተከዜን አልፎ ሽሬ ይገባል። መንገዱ አዲስ አይደለም። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ዝባዱን፣ ሰሙንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ የሚሄደው በዚሁ ነበር። ከባሕር የሚመጣው ሰውም ሊማሊሞን ከመውጣቱ በፊት አህያና በቅሎውን የሚያሳርፈው በዚሁ ቆላ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በአገሩ ሰው አጠራር ያዕቆብ፣ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ በአዲ አርቃይ አልፏል። በጉዞ መጽሐፉ ላይም አንድ ምዕራፍ በስሟ ሰይሟል፤ አጻጻፉ ግን ለየት ስለሚል ልብ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል። አልጋ ቀርቶ ጣሪያ አልነበረም፤ ያደረው በድንኳን ነው። በዚህ ቆላ ጅብ ከበቅሎዎቹ አንዷን እንደ በላበትና የአንበሳ ግሳት ከብቶቹን መኖ እንዳስጣላቸው ጽፏል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ኬላ ነበረ፤ ቀረጥ ያልከፈለ አያልፍም። ለዘመኑ መንገደኛ ከጉዞው ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ይኸው የኬላ ቀረጥ ነበር፤ ለማደሪያ የሚከፈል ገንዘብ አልተለመደም።

ለማደሪያ ለምን አይከፈልም ቢሉ፣ አገሩ ሌላ ሥርዓት ስለነበረው ነው። የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል። ስለዚህ ልማድ ብዙ የተወደሰ ነገር ስላለ እኔ አልጨምርበትም። ሌላውን ገጽ ማንሳት ግን ተገቢ ነው። ድርጎ (ከሕዝቡ የሚሰጥ ቀለብ) የታዘዘለት የመኳንንት እንግዳና በየቤቱ የሚመደበው ተሰሪ ወታደር በገበሬው ቤት ሲገቡ ባለቤቱ ወዶ አላስገባቸውም። እንጀራውን ጋግሮ፣ በጉን አርዶ፣ አልጋውን ለቆ ከብቱ ጋር የሚያድረው እሱ ነው። የእንግዳ ተቀባይነታችን ታሪክ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት።

ጎንደር ሲገቡ ነገሩ ይለወጣል። ከተማ ስለሆነች እንግዳው ቤት ማግኘት አለበት፤ ቤቱም እንደ ማንነቱ ይለያያል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ከታዘዘ በኋላ የነጋዴው ሰፈር ከታች ወደ ቀሃ ወንዝ ወረደ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ሲራራው ሲገባ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። ብሩስም የገባው በዚሁ የነጋዴ ሰፈር ነው። ንጉሡና በስማቸው ይገዙ የነበሩት ራስ ሚካኤል ዘመቻ ላይ ስለነበሩ ተቀባይ አልነበረውም። በኋላ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች በማከሙ ነው እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም አጠገባቸው ማረፊያ የሰጡት። እንግዲህ ከነጋዴ ሰፈር ወደ ቤተ መንግሥት ግቢ ለመዛወር የተከፈለው ዋጋ የሕክምና ሙያ ነበር ማለት ነው።

ለቆሎ ተማሪው ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። አቋቋም ለመማር ወደ በአታ የመጣው ከየአገሩ የተሰበሰበ ልጅ በቅጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ያድራል፣ ምግቡን ለምኖ ይበላል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የሊቅ አጽቁ ቤት ነው። ሊቅ አጽቁ ዘመነ መሳፍንት ሊያበቃ ሲል በጎንደር ከነበሩት የወንበር ዳኞች አንዱ፣ አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1825 ዓ.ም. ጎንደር በከረመበት ጊዜ አዋቂ ወዳጁ አድርጎ የጠቀሰው እሳቸውን ነው። በ1830 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ ከወንድሙ ከአንቷን ጋር በምጽዋና በዓድዋ መንገድ መጥቶ ያረፈው እሳቸው ቤት ነው። አርኖ ስለ ኢትዮጵያ ቆይታው በጻፈው መጽሐፍ እንደሚያሳየው ሽማግሌው ለእንግዳው ጣሪያ ብቻ አልሰጡትም። በከተማዋ ማን ከማን እንደሚጣላ፣ ማንን እንዴት እጅ መንሳት እንደሚገባ፣ ምን ቢናገር እንደሚያስቀይም አስተምረውታል። ሒሳቡ በገንዘብ አይወራረድም፤ እንግዳው ስጦታ ይሰጣል፣ ባለቤቱም ስሙ ይነሳለታል። የውጭ አገር ሰው ስለ ጎንደር የጻፈውን ስናነብ ብዙው የተሰማው በግንቡ አዳራሽ ሳይሆን በእንዲህ ያለ የመንደር ቤት፣ በምድጃ ዳር ነው። ርካሽ ማረፊያ ከትልቅ ሆቴል የሚበልጥበት ነገር ያኔም ዛሬም ይኸው ይመስለኛል፤ ከባለቤቱ ጋር አፍ ለአፍ መነጋገር።

ሆቴል የሚባለውን ነገር ለአገሩ ያስተዋወቁት ደግሞ ከስሜን ቤተሰብ የሚወለዱ ሴት መሆናቸው ደስ ይላል። የእቴጌ ጣይቱ አባት ራስ ብጡል፣ ስሜንን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ። ውቤ የሠሯት ደረስጌ ማርያም አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡባት ናት። የዚያ ቤተሰብ ልጅ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ሆቴል አስከፈቱ። መኳንንቱ በልተው መክፈልን እስኪለምዱ ጊዜ እንደወሰደባቸው ይነገራል። አልፈርድባቸውም፤ «ቤት ለእንግዳ» እየተባለ ያደገ ሰው ሒሳብ አምጡ ሲባል መደንገጡ አይቀርም።

ሆቴል በትክክለኛ መልኩ ወደ ጎንደር የገባው በጣሊያን ጊዜ ነው። ፋሺስቶች ከተማዋን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ያዙ፣ የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ፒያሳን ሠሩ፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ማዕዘናቸው የተጠጋጋው ፎቆች የዚያን ጊዜ ናቸው። ሊማሊሞን በግንብ ደግፈው፣ ገደሉን ቆርጠው መኪና አወጡበት፤ ከአስመራ የተነሳ ካሚዮን በአዲ አርቃይ አልፎ ጎንደር ገባ። በቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጅበትን መንገድ ሹፌር በአጭር ጊዜ ጨረሰው። ሹፌር ደግሞ አልጋ ይፈልጋል፤ ትኩስ ምግብና ወይን ጠጅ ይፈልጋል። ከተማዋን ፕላን ያወጣላት አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ግን የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ ነው የነደፋት። በፒያሳ ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈው ለጣሊያን እንጂ ለጎንደሬው አልነበረም። አገሬው ሰው ያንን አልጋ ያገኘው ከሊማሊሞ አናት ያለው የወልቂፊት ምሽግ በመስከረም፣ ጎንደር ራሷ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ከወጡ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ለማወቅ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ይልቅ የአውቶቡስ ሰዓት ይረዳል። ማታ ስለማይነዳ ከአዲ አርቃይም ከደባርቅም የመጣ መንገደኛ ጎንደር ያድራል፤ በማግስቱ ሌሊት ይነሳል። በመናኸሪያ ዙሪያና በፒያሳ ጓሮ አልጋ ቤቶች የበዙት ለዚህ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ክፍሎቹ በረድፍ ናቸው፤ መሃል ላይ ውሃ የተሞላ በርሜልና ባሊ አለ፤ በየደጁ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይቀመጣል። እንግዳው መታወቂያውን ሰጥቶ መዝገብ ላይ ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ያስጽፋል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዘበኛው በር እያንኳኳ «ተነሱ፣ የደባርቅ!» ይላል። የባለቤቲቱ ቡና ለደረሰለት ሰው ከክፍያው ውጪ ነው።

ሌላው የእነዚህ ቤቶች ደንበኛ በሽተኛና አስታማሚ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሲስፋፋ፣ ከስሜን ደጋና ከተከዜ ቆላ ታማሚ ይዞ የሚመጣው ቤተሰብ ማደሪያ የሚያገኘው በዚያው አካባቢ ነው። ከአዲ አርቃይ የመጣች እናት ልጇ እስኪሻለው የምትሰነብተው ኮረብታ ላይ ከተማውን ቁልቁል በሚያየው ጎሃ ሆቴል አይደለም።

የቱሪስቱ ነገር የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። የቱሪዝም ድርጅት በ1954 ዓ.ም. ገደማ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ተመርቶ ሲነሳ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር በአንድ የታሪክ መስመር ተያያዙ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ታዲያ ያኔ በከተማ ውስጥ ያሉ ባለ ድንጋይ ቤቶች ወደ እንግዳ ማረፊያነት ሊለወጡ በተገባቸው ነበር። አልሆነም፤ ምክንያቱም ይታወቃል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለውን ቤት የመንግሥት አደረገው። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ እጅ ገባ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚያድሰው ቤት የራሱ አይደለም፣ እንግዳ በክፍያ ሊያሳድርበትም አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ግድግዳው እየተሰነጠቀ፣ ሰገነቱ እየወለቀ ቆየ። ድሃ ቤት አግኝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ግን ተንከባካቢ አላገኙም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ፔንሲዮን ሲፈቀድ አብዛኛው ባለ ሀብት አሮጌውን ከማደስ ይልቅ አዲስ ባለ መስታወት ፎቅ መሥራትን መረጠ። ይህን ምርጫ እኔ ስሕተት ነው እላለሁ። መስታወቱን ሌላ ከተማም ያገኙታል።

በጥምቀት ሰሞን ይህ ሁሉ ይፈተናል። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሕዝብ ሲሞላ አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋም ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ የድሮው ሥርዓት ይመለሳል፤ ዘመድ ዘመዱ ቤት ይገባል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ የማያውቁት ሰው በዘመድ ዘመድ ተገናኝቶ ያድራል። ቀሪው ዓመት ግን ከባድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይን ራሷን ነክቷታል፤ የሽሬ መንገድ ሲቆረጥ የጎንደር አልጋ ቤቶችም መንገደኛቸውን አጡ። የመንገድ ሰላም ከሌለ ርካሽ አልጋም ውድ አልጋም ባዶውን ያድራል።

አሁን ለአልጋ ቤት ባለቤቶች አንድ አደራ አለኝ። ከላይ የጠቀስኩት የእንግዳ መዝገብ ሲሞላ ይጣላል፣ ወይም ለዕቃ መጠቅለያ ይቀደዳል። በዚያ ውስጥ ግን ከአዲ አርቃይ፣ ከዛሪማ፣ ከሽሬና ከአስመራ የመጣው ሰው ስም፣ ቀንና ሥራ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። የብሩስንና የዳባዲን አዳር ራሳቸው ስለጻፉት እናውቃለን፤ የእኛ ሰው አዳር የተጻፈው በእነዚህ ደብተሮች ላይ ብቻ ነው። አሮጌ መዝገብ ያላችሁ፣ አትቅደዱት፤ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ።