ከኮረም እስከ ሂሮሺማ የሄዱት ሐኪም

የአቃቂ ሽማግሌዎች የድሮውን ሲያወጉ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሳያነሡ አያልፉም። በ1928 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ገደማ የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ደበደቡት (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኛው አቆጣጠር ነው)። በዚያው ሰሞን በሰሜን ግንባር ከሰማይ ይወርድ የነበረው ግን ጥይትና ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ የመርዝ ጋዝም ነበረበት።

ጋዝ ይባል እንጂ ነገሩ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ከአውሮፕላን ሲረጩት እንደ ካፊያ ይወርዳል። መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ገላው ይላጣል፣ ዓይን ያብጣል፣ ሳንባ ይቃጠላል። ወታደራችን ባዶ እግሩን ስለነበር እርጥቡን ሣር የረገጠ ሁሉ ተቃጠለ። ውኃውም ተበከለ። ይህ መርዝ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ውል ተከልክሎ ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማለች።

ቁስለኛውን ያነሡት ገና ሐምሌ 1927 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ናቸው። እነሱንም ቦምቡ አልማራቸውም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ስትደበደብ ሆስፒታሉ ተመታ፤ በከተማው የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞችም አንድ ላይ ሆነው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። ታኅሣሥ 20 ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን ተደበደበ፤ ብዙ በሽተኞች ሞቱ፣ ዋናው ሐኪም ዶክተር ሂላንደርም ቆሰሉ።

ከነዚህ ሐኪሞች መካከል የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ፣ ስዊሱ ዶክተር ማርሴል ጁኖ አሉ። ኮረም ላይ በመርዙ የተቃጠሉ ሰዎች ሜዳ ላይ ተኝተው «አቤት፣ አቤት» ሲሉ ሰምተዋል፤ ይህችን ቃላችንንም በመጽሐፋቸው አስፍረዋታል። ያዩትን ለበላዮቻቸው ጻፉ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማስረጃውን ሲጠይቅ ግን ኮሚቴው ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልሰጥም አለ። እኛ ግን ይህን ገለልተኝነት ለማለት አፋችን አይታዘዝም። ጎረቤቱ ሲቃጠል አይቶ ዝም ያለ ሰው በዕድራችን ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። የጣሊያን መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዶክተር ጁኖን ዕድላቸው ደግሞ ወደ ጃፓን ወሰዳቸው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ተጣለ፤ እሳቸው ወደ 15 ቶን መድኃኒት ከአሜሪካኖች ተቀብለው ጳጉሜን 3 ቀን ከተማው ገቡ። ሐኪም ይረዳል እንዳይባል፣ ከከተማው ሐኪሞች ከ10 ዘጠኙ ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። እስቲ በኛ ቤት እንየው፤ ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ሐዘን ቢገባው ጡሩምባውን ማን ይነፋል? ድንኳኑን ማን ይተክላል? መቃብሩንስ ማን ይቆፍራል?

አገራችን የመርዙን ነገር አልረሳችም። ኅዳር 15 ቀን 1954 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም ሕግን የሚጥስ፣ በሰው ልጅ ላይም የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ሲወስን ሐሳቡን ያመነጨችው ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። ከተቃዋሚዎቹ መካከል አሜሪካና እንግሊዝ ይገኛሉ።

ሐኪሞቹ ራሳቸው በማኅበር የተነሡት ዘግይተው ነው። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካዊው በርናርድ ላውንና የሶቪየቱ የቭጌኒ ቻዞቭ፣ ሁለቱም የልብ ሐኪሞች፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጄኔቭ ላይ የኑክሌር ጦርነትን የሚከላከሉ ሐኪሞች ማኅበርን አቋቋሙ። መንግሥቶቻቸው ጥርስ በተናከሱበት ዘመን ነው እንግዲህ! የሚሉት አጭር ነው፤ ለዚህ በሽታ ሕክምና የለውም፣ ያለው ቀድሞ መከላከል ብቻ ነው። በ1978 ዓ.ም. ማኅበሩ የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ቆይቶም የጀመረው ዘመቻ ለሌላ ማኅበር መወለድ ምክንያት ሆነ፤ መሣሪያውን ፈጽሞ የሚከለክለው ውልም ሰኔ 30 ቀን 2009 በተባበሩት መንግሥታት ጸደቀ። ቦምቡን የያዙት 9 አገሮች ግን አንዳቸውም አልፈረሙም።